«ነጥቡ ይስተካከል፣ ጨዋታው እውነት ይሆናል» ላሉት ጸሐፊ ከደብረ ማርቆስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ነዋሪነታቸው ባሕር ዳር የሆነ አንድ ጸሐፊ ስለ ቪዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ያቀረቡትን ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ሁለት ቀን ዝም ለማለት ሞከርሁ፤ በሦስተኛው ቀን እስክሪብቶ አነሣሁ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚወዱትም ከየአንቀጹ ይታወቃል። ችግሩ አንድ ስሕተት ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሸክሞ መጓዙ ነው።

ላላነበበው ሰው በአጭሩ ላቅርበው። ጸሐፊው አምስት ነገሮችን ይላሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ጨዋታዎች ከእውነተኛው እግር ኳስ የሚርቁት ለተጫዋቾች የሚሰጠው የብቃት ነጥብ፣ ልጆቹ ሬቲንግ የሚሉት ማለት ነው፣ የተሳሳተ ስለሆነ ነው፤ ነጥቡ ከተስተካከለ ጨዋታው በራሱ ጊዜ እውነት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ነጥቡን ሰው መስጠቱ ቀርቶ ከግጥሚያ መረጃ ብቻ በሒሳብ ይውጣ። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ይለዋወጥ። አራተኛ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ቡድን ትልቁን ሲያሸንፍ ማሽኑ እያጭበረበረ ነው። አምስተኛ፣ የአገራችን ተጫዋቾች ወደ እነዚህ ጨዋታዎች ቢገቡ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣቸው፤ ዝቅ ማድረግ ንቀት ነው።

እኔ በዚህ ነገር አፌን የምከፍትበት ምክንያት አለኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ስድስት ዓመት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። ሦስት ማሽን፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ጆይስቲክ (ከስድስቱ አንዱ ሁልጊዜ የታመመ)፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ስለ ሬቲንግ ያልተከራከሩበት ቀን አልነበረም። ዳኛው እኔ ነበርሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር «እየመራሁ ነበር» የሚለውን አቤቱታ የምሰማውም እኔው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ የሌሎቹ ሁሉ ምሰሶ እርሱ ነው።

ጸሐፊው «ነጥብ» ሲሉ በተጫዋቹ ካርድ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አጠቃላይ ቁጥር ማለታቸው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ፊፋ ይባል በነበረው፣ ከዚያ ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በተባለው ጨዋታ ይህ ቁጥር ጣሪያው 99 ነው። ሜሲ በፊፋ 20 ላይ 94፣ በፊፋ 22 ላይ ደግሞ 93 ተሰጥቶት ነበር። እንዲህ ያለች አንዲት ነጥብ ስትቀንስ ልጆቹ ከእኔ ቤት ወጥተው ሻይ ቤት ድረስ ይከራከሩ ነበር።

ሆኖም ኳሱ መንከባለል ሲጀምር ማሽኑ የሚያነበው ያን ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን ከሠላሳ የሚበልጡ ዝርዝሮች ነው፦ የመነሻ ፍጥነት፣ የሩጫ ፍጥነት፣ አጭር ቅብብል፣ ረጅም ቅብብል፣ ኳስ መንጠቅ፣ ዝላይ፣ ጉልበት፣ ትንፋሽ። ትልቁ ቁጥር ከእነዚህ ተመዝኖ የወጣ ድምር ነው፤ ሚዛኑም እንደ ቦታው ይለያያል። ለመሃል ተከላካይ ኳስ መንጠቅ ብዙ ይመዝንለታል፤ ለአጥቂ ግብ ማስቆጠር። አንድን የመሃል ተከላካይ ወስደህ ፊት ላይ ብታሰልፈው ቁጥሩ ያሽቆለቁላል፤ ሰውየው ግን ከአንድ ደቂቃ በፊት ከነበረው ምንም አልጎደለም። ስለዚህ «ይህ ልጅ 84 ነው ወይስ 86?» የሚለው ክርክር በጆንያው ላይ ስለተጻፈው ጽሕፈት የሚደረግ ክርክር ነው።

ጆንያ ካልሁ አይቀር፣ ጸሐፊውም የጎጃም ሰው ናቸውና በጤፍ እንነጋገር። ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትንና «ማኛ ነው» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ማኛነቱ ግን ስለ እርሾው፣ ስለ አብሲቱ፣ ስለ ጋጋሪዋ እጅ የሚናገረው ነገር የለም። ምጣዱ ካልሰማ ከማኛ ጤፍ የተጋገረ እንጀራም ዓይን አያወጣም። ነጥቡ ጤፉ ነው፤ ምጣዱ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነው። ጸሐፊው ስለ ጤፉ ጥራት ይህን ያህል ሲጽፉ ስለ ምጣዱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።

«ዝርዝሮቹስ ሁሉም ትክክል ቢሆኑ?» ይሉኝ ይሆናል። ፍጥነትን እንውሰድ፤ በሜትርና በሰከንድ ሊለካ የሚችለው፣ አስተያየት የማያበላሸው እርሱ ነውና። የቶተንሃሙ ተከላካይ ሚኪ ቫን ደ ቬን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያ ላይ በሰዓት 37.38 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ተለክቷል። ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ሯጭ በሰዓት 36፣ ሌላውን 32.4 ኪሎ ሜትር እናድርጋቸው፤ በሰከንድ 10 እና 9 ሜትር ማለት ነው። ሁለቱም በሙሉ ፍጥነት ላይ ሆነው 30 ሜትር ቢሽቀዳደሙ፣ ፈጣኑ በሦስት ሰከንድ ሲጨርስ ሌላው 27ኛው ሜትር ላይ ነው። ልዩነታቸው ሦስት ሜትር ብቻ።

በእውነተኛው ሜዳ ይህ ሦስት ሜትር ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አስተዋይ ተከላካይ ኳሱ ከመለቀቁ በፊት፣ አማካዩ ቀና ብሎ ሲያይና እግሩን ሲያነሣ ጊዜ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ጀምሯል። የአጥቂው ፍጥነት የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለተረፈው ነገር ነው። በስክሪኑ ላይ ግን ማሽኑ የሚነዳው ተከላካይ አማካዩን የማንበብ ችሎታው የሳሳ ነው፤ ፍጥነትን ደግሞ ማሽኑ ያለ አንዳች ቅናሽ ይፈጽመዋል። እንግዲህ ትክክለኛው ቁጥር ከደካማ ማስተዋል ጋር ሲገናኝ ሐሰት ይወልዳል። በእኔ ቤት እግር ኳስን ከሁሉም ያነሰ የሚያውቀው ልጅ አንድ ፈጣን የመስመር ተጫዋች ይመርጥና የሩጫዋን ቁልፍ እንደ ሙጫ ይዞ፣ ሜዳውን እንደ ጥር 23 የእንጅባራ ፈረሰኛ እያቋረጠ ሁሉንም ያሸንፍ ነበር። የፍጥነቱ ቁጥር ግን ትክክል ነበር!

የተገላቢጦሹም ደርሷል። የፊፋ 23 አዘጋጆች ሩጫን በሦስት ዓይነት ከፈሉት፤ ፈንድቶ የሚነሣ፣ የተመጣጠነ፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ እየረዘመ የሚፈጥን። ሦስተኛው እንደ ቨርጂል ቫን ዳይክ ላሉ ረጃጅምና ጠንካራ ሰዎች የተሰጠ ነበር። ምን ሆነ? በወረቀት ላይ ዘገምተኛ የሆኑ ግዙፍ ተከላካዮች ከእነርሱ እጅግ የሚበልጥ የፍጥነት ነጥብ ያላቸውን የመስመር ተጫዋቾች ከኋላ እየደረሱ ይነጥቁ ጀመር። ተጫዋቹ ሁሉ ነጥብ ማየት ትቶ ያን የሩጫ ዓይነት ፍለጋ ገባ። ቁጥሮቹ እዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ምጣዱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ለዚህ መልስ ቢኖራቸው ለመስማት እጓጓለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚህ ነጥብ ልውጣ። ነጥብ የሚናገረው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው፤ ምን ማድረግ እንደሚወድ አይናገርም። አርየን ሮበን ከቀኝ መስመር ወደ መሃል ቆርጦ በግራ እግሩ እንደሚመታ የዓለም ተከላካይ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እያወቁም ይመታ ነበር። ሮበንን ሮበን ያሰኘው ያ ልማዱ ነው። የፍጥነት 90 እና የምት 86 ነጥብ ልማዱን አያመጣውም፤ ያለ ልማዱ ደግሞ ያ ሰው የሮበንን ፊት የለጠፈ ሌላ ሰው ነው። የቅርጫት ኳሱ ኤንቢኤ 2ኬ ይህን ቀድሞ ገብቶታል፤ ከችሎታ ነጥቦች ጎን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የዝንባሌ ቁጥሮች አሉት፤ ከሩቅ መወርወር ይቀናዋል ወይስ ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ መግባት፣ ኳስ ሲደርሰው ቶሎ ያቀብላል ወይስ ይይዛል። ሁለት እኩል ነጥብ ያላቸው ሰዎች በዚያ ጨዋታ ሁለት ሰዎች ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልመን። ቁጥር ብቻውን ጨዋታ ሊያበላሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ሌላውን የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታ፣ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6ን፣ የተጫወተ ሁሉ የኢንተሩን አድሪያኖን አይረሳውም፤ የምት ኃይሉ 99 ነበር። ከመሃል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ መምታት ነው፤ የቀረው የግብ ጠባቂው ዕዳ ነው። በቤቴ ኢንተርን መምረጥ ለሁለት ወር ከልክዬ ነበር። ስለዚህ ነጥብ ምንም አይደለም አላልሁም። ምሰሶው ነጥብ ነው መባሉን ነው የምቃወመው።

ወደ ሁለተኛው፦ ሰው ይውጣ፣ ሒሳብ ይግባ።

ሐሳቡ ንጹሕ ይመስላል። ግን ጥሩ ተከላካይ በአንድ ግጥሚያ ስንት ጊዜ ኳስ ይነጥቃል? እጅግ ጥሩው አንዳንዴ ምንም፤ ቦታውን ይዞ ስለቆመ አጥቂው ወደ እርሱ አይመጣም። በመረጃው ላይ ግን የሚታየው ባዶ ነው። ከእርሱ ጎን ቦታውን እየሳተ፣ እየሮጠ፣ እየተንሸራተተ የሚያድነው ሰው አሥር ጊዜ ነጥቆ ጀግና ሆኖ ይመዘገባል። ግብ ጠባቂም እንዲሁ ነው፤ የደካማ ቡድን ግብ ጠባቂ ብዙ ኳስ ያድናል፣ ብዙ ስለሚመታበት። ቅብብሉ የሚሳካለት ተከላካይ ወይ ጎበዝ ነው፣ ወይ አሠልጣኙ ሁሌም በቅርብ ላለ ጓደኛው እንዲያቀብል ያዘዘው ነው። አንድ አጥቂ በዓመት ሃያ ግብ አስቆጠረ ቢባል «በየትኛው ሊግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ ራሱን አይጠይቅም።

ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር ይህን ማስረዳት አልነበረብኝም። ቅኔ ቤት ውስጥ ዐሥር የተቀኘው ተማሪ አንድ ከተቀኘው ይበልጣል ብሎ የሚቆጥር የኔታ ማን ነው? የኔታ ይሰማሉ፤ ወርቁን ከሰሙ ይለያሉ፤ ከዚያ ወይ ያቀናሉ ወይ ያሞግሳሉ። መስማት ሥራ ነው።

በጨዋታው ዓለምም ይህን ሥራ ሰው ይሠራዋል። ለኢኤ ጨዋታ ነጥብ በማቅረብ በየአገሩ በሺሕ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይሳተፋሉ። ፉትቦል ማኔጀር የሚባለው የአሠልጣኝነት ጨዋታ ደግሞ ከ1,000 የሚበልጡ ተመልካቾች በዓለም ዙሪያ አሉት፤ ለእያንዳንዱ ችሎታ ከ1 እስከ 20 ይሰጣሉ። ይህ ሥራ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዙ ኤቨርተን፣ እውነተኛው ክለብ፣ ተጫዋች ለመፈለግ በዚያ ጨዋታ የመረጃ ክምችት ለመጠቀም ከአዘጋጁ ጋር ተስማምቷል። ሰው ይሳሳታል ለሚሉት፣ አዎን ይሳሳታል። በድሮው የአሠልጣኝነት ጨዋታ በቻምፒዮንሺፕ ማኔጀር ውስጥ ቸርኖ ሳምባ የሚባል የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ የዓለም ኮከብ ይሆን ነበር፤ በእውነቱ ዓለም አልሆነም። ፍሬዲ አዱም አልሆነም። ግን አዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ገና በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሊግ ፕሮፌሽናል ሲሆን የተሳሳተው ጨዋታው ብቻ ነበር? ጋዜጣው፣ ስፖንሰሩ፣ ዓለም ሁሉ አብሮ ተሳስቷል። በዚያ ረገድ ጨዋታው እጅግ እውነተኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ግን ልክ ናቸው፤ የስም ጉዳይ። ስሙ የገነነ ሰው እግሩ ከደከመ በኋላም ነጥቡ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ያልታወቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ይህን በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ፈውሱ ግን ሌሎች ዓይኖችን መጨመር ነው፤ ያሉትን ማውጣት ፈውስ አይሆንም።

ሦስተኛው ብዙ ቃል አይገባውም። ነጥብ በውድድሩ መካከል መስተካከሉ ዛሬም ያለ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ይሁን ማለት ግን ችሎታን ከወቅታዊ አቋም ጋር ማምታታት ነው። ጄሚ ቫርዲ እ.ኤ.አ. በ2015 በተከታታይ 11 የፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያዎች ግብ ሲያስቆጥር በየሳምንቱ እግሩ አልፈጠነም፤ የነበረው ፍጥነት ቀኑ ወጣለት እንጂ። ለዚህ የድሮው ፕሮ ኢቮሉሽን መፍትሔ ነበረው፦ ከግጥሚያው በፊት በእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ የምትታየው ቀስት። ወደ ላይ ያቀናች ቀይ ከሆነች ሰውየው የተባረከ ቀን ላይ ነው፤ ቁልቁል ከሆነች አስቀምጠው። ልጆቹ ቡድን ከመረጡ በኋላ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠብቁት ያችን ቀስት ነበር። ሮናልዲንሆን በቁልቁል ቀስት ምክንያት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ አሁን አሠልጣኝ ቢሆን አይደንቀኝም። ነጥቡ ሳይነካ ቀኑ ይለዋወጣል፤ እውነት የሚመስለው ይህ ነው።

አራተኛው ነው ያናደደኝ። ትንሹ ትልቁን ካሸነፈ ማሽኑ አጭበርብሯል ይላሉ።

ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 በፖርቱጋል ሜዳ ፖርቱጋልን ሁለት ጊዜ፣ በመክፈቻውም በፍጻሜውም፣ ስታሸንፍ ማን አጭበረበረ? ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 ሻምፒዮን ሲሆን አቋማሪዎቹ 5,000 ለ1 ሰጥተውት ነበር። ሩቅ አገር ነው ከተባለ ወደ ቤታችን እንምጣ። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጠሩ፤ ከሜዳ ውጭ በገቡት ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። በአምስት ሳምንት ውስጥ የማን ነጥብ ስንት ጨመረ? ያው አገር፣ ያው አሠልጣኝ። የተጨመረው ስታዲየሙ፣ ከፍታው፣ ሕዝቡና የሁለተኛው ዕድል ፍርሃት ነው።

ከዚያ ደግሞ ጥር 13። ተጋጣሚያችን ዛምቢያ ነበረች፤ የዋንጫው ባለቤት፣ ከዓመት በፊት አይቮሪኮስትን ከነድሮግባ በፍጹም ቅጣት ምት 8 ለ 7 የረታች። ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያ ግብ ጠባቂ አዳነበት። የእኛ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አስቆጠረች። በዐሥር ሰው፣ በተጠባባቂ ግብ ጠባቂ፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ማሽኖቼን ሁሉ አጥፍቼ ሦስቱንም ቴሌቪዥን ወደዚያ ግጥሚያ አዙሬ ነበር፤ አግዳሚዎቹ ከዚያ ቀን በኋላ ቀጥ ብለው ቆመው አያውቁም። አሁን ያንን ግጥሚያ አንድ ልጅ በጆይስቲክ ቢጫወተውና እንዲሁ ቢያልቅ ጸሐፊው «ማሽኑ አጭበረበረ» ሊሉ ነው።

ነገሩ ምክንያት አለው። እግር ኳስ ግብ የሚቆጠብበት ጨዋታ ነው፤ አንድና ሁለት ግብ ሁሉን ይወስናል። ግብ ሲያንስ አጋጣሚ ድርሻው ይበዛል፤ አንድ የተንሸራተተ እግር፣ አንድ የተመለሰ ኳስ ከዘጠና ደቂቃ ችሎታ ሊያመዝን ይችላል። ቅርጫት ኳስ ላይ ሁለቱም ቡድን መቶ አካባቢ ነጥብ ስለሚያስቆጥሩ አጋጣሚው እርስ በርሱ ይካካስና የተሻለው ቡድን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት የእግር ኳስ ጨዋታ ከተሠራ፣ ያን ጊዜ ነው ውሸቱ የሚጀምረው።

ማሽኑ በድብቅ ለተሸናፊው ያግዛል የሚለው ወሬ የቆየ ነው። የጨዋታው አዘጋጅ ኢኤ በተደጋጋሚ አስተባብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ በዚሁ ጉዳይ የቀረበ ክስም በተከታዩ ዓመት በከሳሾቹ ተነሥቷል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በእኔ ቤት ማሽኑ አጭበረበረ ብሎ የከሰሰ አሸናፊ ግን በስድስት ዓመት አንድም አልገጠመኝም።

አምስተኛው፣ የእኛ ልጆች ነጥብ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በኢኤ ጨዋታዎች ውስጥ የለም፤ የጣና ሞገዶችን፣ የባሕር ዳር ከተማን ቡድን፣ መርጦ መጫወት አይቻልም፤ የጸሐፊው ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። ነገር ግን «ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣቸው» የሚለውን እኛ ሞክረነዋል።

በዛምቢያው ግጥሚያ ማግስት ልጆቹ ኢትዮጵያን መጫወት አለብን ብለው ያዙኝ። ፕሮ ኢቮሉሽን 6 ላይ የተጫዋቾችን ስምና ችሎታ መለወጥ ይቻላል። ማንም የማይመርጠውን አንድ ቡድን ወሰድንና ስሞቹን እያጠፋን የእኛን ጻፍን። በመጀመሪያው ምሽት ነጥብ የሚጽፈው እጅ ለጋስ ነበር፤ ለሁሉም 90፣ 95፣ 97። በማግስቱ ተጫወትነው። ብራዚልን 6 ለ 0። እንግሊዝን 7 ለ 1። በሦስተኛው ቀን ማንም ኢትዮጵያን የሚመርጥ ጠፋ። ምክንያቱን ያስረዳኝ ከሁሉ ትንሹ ልጅ ነው፦ «ጋሼ፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም» አለኝ። እውነቱን ነው። ተከላካዩም፣ አማካዩም፣ አጥቂውም አንድ ሰው ሆኑ። ክብር ልንሰጣቸው ብለን ስማቸውን ብቻ አስቀርተን ሰዎቹን አጥፍተናቸው ነበር።

ከዚያ ኮሚቴ ቆመ። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ድሮ ለከተማው ቡድን የተጫወተ አንድ ሰውዬ፣ እኔ ጸሐፊ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሰውዬው ፍጥነትና የምት ኃይል ሲነሣ ዝም ይልና፣ «ምላሽ» ወደምትባለው ቁጥር ስንደርስ ቀና ይል ነበር፤ ተጫዋቹ ለሚሆነው ነገር ምን ያህል ቶሎ ይነቃል የምትለዋ ናት። «ይህችን እስካሁን ለምን ዘለላችኋት?» አለን። የሳላዲንን ፍጥነት ቀነስንና ይህችን ከፍ አደረግን። ከዚያ ወዲያ ኳሱ ከግብ ጠባቂው ተተፍቶ ሲመለስ እርሱ እዚያ መገኘት ጀመረ። አዳነ ግርማ ላይ ደግሞ አንድ ምሽት ሙሉ ተጣልተናል፤ አማካይ እናድርገው ወይስ አጥቂ? በየትኛውም ብናስቀምጠው ከፊሉ ይቀራል። በመጨረሻ የወጣው ቡድን ከናይጄሪያ ጋር አምስት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቱን ተሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ፣ አንዱን አሸነፈ። ያችን አንዷን ያሸነፈው ልጅ ከቤቱ እስከ ገበያው እየጮኸ ሄደ። ብራዚልን 6 ለ 0 ያሸነፈው ድምፁ አልተሰማም ነበር።

ሳንስማማ የቀረነው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ጨዋታ ከ1 እስከ 8 የሚሰጥ «ወጥነት» የሚባል አለ፤ ዛሬ ጥሩ የሆነ ነገም ጥሩ ይሆናል ወይ ለማለት። ከዛምቢያው ግጥሚያ በኋላ ልብስ ሰፊው ለሁሉም 7 ይሁን ብሎ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስታሸንፈን ራሱ መጥቶ 2 አድርጉት አለ። የድሮው ተጫዋች በሁለቱም አልተስማማም። እኔ 4 ብዬ ጻፍሁ፤ ሜሞሪ ካርዱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም 4 ነው። ጸሐፊው ከፍ ይበል የሚሉ ከሆነ ይጻፉልኝና እለውጠዋለሁ። ሲጽፉልኝ ግን የኦምዱርማኑን ግጥሚያ እንደያዙ ወይም የአዲስ አበባውን እንደያዙ አብረው ይግለጹልኝ።